ወደ ውጭ አገር ከመጓዝ አስቀድሞ የቢጫ ወባ ክትባት መውሰድ ለምን ያስፈልጋል?

ከሸካ ዞን ጌጫና ከአካባቢዋ ተነስተው የቢጫ ወባ ክትባት ወደሚጠይቁ አገሮች የሚሄዱ መንገደኞች፣ ቢያንስ ከ10 ቀን በፊት መከተብ ይኖርባቸዋል። የምስክር ወረቀቱ የሚጸናው ከክትባቱ 10 ቀን በኋላ በመሆኑ፣ በጉዞው ዋዜማ የተከተበ መንገደኛ እንዳይገባ ሊከለከል ወይም ተለይቶ እንዲቆይ ሊደረግ ይችላል።

በሽታው በትንኝ የሚተላለፍ ሲሆን፣ ቫይረሱን የሚያጠፋ መድኃኒት የለውም። እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1962 በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ በተቀሰቀሰው ወረርሽኝ 30 ሺህ ያህል ሰዎች እንደሞቱ ይገመታል።

እ.ኤ.አ. ከ2016 አጋማሽ ወዲህ የምስክር ወረቀቱ ለዕድሜ ልክ ያገለግላል። የ10 ዓመት ገደብ የተጻፈበት ካርድም እንዲሁ ይጸናል።

ነፍሰ ጡሮች፣ ከዘጠኝ ወር በታች ሕፃን የያዙና የሰውነት መከላከያ አቅማቸው የተዳከመ መንገደኞች ግን አስቀድመው ሐኪም ሊያማክሩ ይገባል።