የጭነት ወጪ በምን ይካፈላል?

አንድ አስመጪ በባለ 40 ጫማ ኮንቴይነር ሦስት ዓይነት ዕቃ ጭኖ በጅቡቲ በኩል ወደ ሞጆ ደረቅ ወደብ አስገባ እንበል። ሴራሚኩ 8 ቶን ይመዝናል፤ የያዘው ቦታ ግን 6 ሜትር ኩብ ብቻ ነው። የፍራሽ ስፖንጁ 1 ቶን ሆኖ 42 ሜትር ኩብ ሞልቷል። ቴሌቪዥኑ 1 ቶን እና 12 ሜትር ኩብ ነው። የግዢ ዋጋቸው በቅደም ተከተል 800 ሺህ፣ 400 ሺህ እና 2 ሚሊዮን 800 ሺህ ብር ነው። የመርከብ ድርጅቱ የላከው ኢንቮይስ ግን አንድ መስመር ብቻ አለው፦ 300 ሺህ ብር።

ይህ ገንዘብ ለሦስቱ ዕቃዎች ካልተከፋፈለ የአንዱ ካሬ ሴራሚክም ሆነ የአንዱ ቴሌቪዥን ትክክለኛ ወጪ አይታወቅም፤ ወጪው ያልታወቀ ዕቃ ደግሞ በኪሳራ እየተሸጠም ትርፋማ ሊመስል ይችላል። በክብደት ካካፈልነው ሴራሚኩ 240 ሺህ ሲሸከም ስፖንጁና ቴሌቪዥኑ 30፣ 30 ሺህ ይደርሳቸዋል። በያዙት ቦታ ካካፈልነው ሴራሚክ 30 ሺህ፣ ስፖንጅ 210 ሺህ፣ ቴሌቪዥን 60 ሺህ ይሆናል። በግዢ ዋጋ ከሆነ ደግሞ ሴራሚክ 60 ሺህ፣ ስፖንጅ 30 ሺህ፣ ቴሌቪዥን 210 ሺህ። የሦስቱም ስሌት ድምር 300 ሺህ ነው፤ በሒሳብ ስህተት የለባቸውም። ስፖንጁ ግን በአንዱ ደንብ አትራፊ፣ በሌላው አክሳሪ ሆኖ ይወጣል።

ታዲያ የትኛው ይሻላል? የጨዋታ ንድፈ ሐሳብ ሊቃውንት ይህን ጥያቄ ረጅም ጊዜ ሠርተውበታል። ሎይድ ሻፕሊ እ.ኤ.አ. በ1953 ያቀረበው ቀመር፣ ለእያንዳንዱ ተካፋይ “አንተ ስትጨመር ወጪው በምን ያህል ጨመረ?” ብሎ ይጠይቅና ተካፋዮቹ ሊጨመሩ በሚችሉባቸው ቅደም ተከተሎች ሁሉ የሚገኙትን መልሶች አማካይ ድርሻው ያደርገዋል። ሻፕሊ እ.ኤ.አ. በ2012 የኖቤል የኢኮኖሚክስ ሽልማት ተጋርቷል። ሊትልቻይልድና ኦወን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1973 ይህንኑ ሐሳብ ለአውሮፕላን ማረፊያ ክፍያ ተጠቀሙበት፤ ትንሹ አውሮፕላን ለአጭሩ መንደርደሪያ ድርሻውን ይከፍላል፣ ለትልቁ ሲባል የተራዘመውን ክፍል ግን የሚፈልጉት ብቻ ይካፈሉታል።

ጥያቄውን ወደ ኮንቴይነራችን እናምጣው። ስፖንጁ ባይኖር ሴራሚኩና ቴሌቪዥኑ በአንድ ላይ 9 ቶንና 18 ሜትር ኩብ ናቸው፤ 33 ሜትር ኩብ ያህል የሚይዘው ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር ይበቃቸው ነበር። ትልቁን ኮንቴይነር ያስፈለገው ስፖንጁ ነው። ስለዚህ በዚህ ጭነት የመርከቡን ክፍያ በቦታ ማካፈል ከሦስቱ መንገዶች ለእውነታው የሚቀርበው ነው።

ይህ ማለት ግን ወጪ ሁሉ በቦታ ይካፈል ማለት አይደለም። ከወደብ እስከ ሞጆ ያለው የመኪና ክፍያ በኩንታል ከተዋዋሉት መካፈል ያለበት በክብደት ነው። የኢንሹራንስ ዓረቦን የሚሰላው በዕቃው ዋጋ ስለሆነ በዋጋ ይካፈላል። ቀረጥ በየዕቃው ታሪፍ ተሰልቶ ስለሚመጣ ማካፈል ሳያስፈልገው በቀጥታ በዚያው ዕቃ ላይ ይመዘገባል። ኮንቴይነሩ ከተፈቀደው ጊዜ በላይ በመቆየቱ የሚመጣው ዲመሬጅስ? ዓለም አቀፉ የሒሳብ ደረጃ አይ ኤ ኤስ 2 የመጓጓዣ ወጪንና ቀረጥን የዕቃው ዋጋ አካል ሲያደርግ ያልተለመደ ብክነትን ግን አይጨምርም። በቸልተኝነት የመጣን ዲመሬጅ በዕቃው ዋጋ ውስጥ መደበቅ ለመዘግየቱ ተጠያቂ የሆነውን ክፍል ከመጠየቅ ያድነዋል።

የጭነት ኢንቮይስ ሶፍትዌር ይህን ሁሉ የሚቀበለው በደንብ መልክ ነው። እያንዳንዱ ደንብ ሦስት ነገር ይናገራል፦ የትኛውን ክፍያ እንደሚመለከት፣ በምን መስፈርት እንደሚካፈል፣ በየትኛው የሒሳብ መደብ እንደሚመዘገብ። ብዙ ጊዜ ሶፍትዌሩ ደንቦቹን ከላይ ወደ ታች ያነብና መጀመሪያ የገጠመውን ይጠቀማል። “የመርከብ ክፍያ ሁሉ በክብደት” የሚል ጠቅላላ ደንብ ከላይ ከተቀመጠ፣ ከሥሩ ያለው “ለአንድ አስመጪ ብቻ የተያዘ ኮንቴይነር ከሆነ በቦታ” የሚለው ደንብ ተራ አይደርሰውም። ስለዚህ ልዩው ከላይ፣ ጠቅላላው ከታች ይቀመጥ። የመጨረሻው ደንብ ደግሞ ምንም ያልገጠመውን ክፍያ በግምት የሚያከፋፍል ሳይሆን ለሰው ውሳኔ የሚያቆይ ይሁን። የአንዱ ዕቃ ክብደት ሳይሞላ ቀርቶ ዜሮ ሆኖ ከተነበበም እንደዚሁ ይቁም፤ አለዚያ ያ ዕቃ በነጻ የመጣ ይመስላል፣ ድርሻውም ለሌሎቹ ይተርፋል።

የሳንቲም ነገርም አለ። 1,000 ብር የሰነድ ክፍያ ለሦስት እኩል ሲካፈል ለእያንዳንዱ 333.33 ይደርሳል፤ ድምሩ 999.99 ነው። አንዷ ሳንቲም ማን ላይ ትውደቅ? አሌክሳንደር ሐሚልተን እ.ኤ.አ. በ1792 ለአሜሪካ ምክር ቤት መቀመጫ ክፍፍል ያቀረበው ዘዴ ዛሬም ለዚህ ያገለግላል፦ መጀመሪያ ሁሉም ወደ ታች ተጠጋግቶ ይሰጠዋል፣ የቀረው ትልቁን ቁራጭ ላጣው ይደርሳል። ቁራጩ እንደዚህ እኩል ሲሆን ሳንቲሟ ለምሳሌ በኢንቮይሱ ቀድሞ ለተጻፈው ዕቃ እንድትሰጥ አስቀድሞ ይወሰናል። ይህ ካልተወሰነ ሒሳቡ ከኢንቮይሱ ጋር አይገጥምም፤ ሠራተኛውም ለአንድ ሳንቲም ሲል ሰዓታት ያጠፋል።

ደንብ ሲቀየር የቀድሞው አይሰረዝ፤ ከመቼ እስከ መቼ እንደሠራ ተጽፎ ይቀመጥ፣ አለዚያ ያለፈው ዓመት ትርፍ ከዘንድሮው ጋር አይነጻጸርም። አዲሱም ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት ባለፉት ኢንቮይሶች ይፈተን። ሶፍትዌር የታዘዘውን በፍጥነት ይሠራል እንጂ የትኛው መስፈርት ተገቢ እንደሆነ አያውቅም። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ደንብ ጎን “ይህን ወጪ ያመጣው ምንድን ነው?” ለሚለው ጥያቄ የአንድ መስመር መልስ ጻፉ። መልስ ያልተገኘለት ደንብ ወደ ሲስተሙ መግባት የለበትም።