ስለ ቅቤና ስለ ሰም

ከጎባ ተነሥቶ የሳነቴን ደጋ አቋርጦ ወደ ዶሎ መና የሚወርድ መንገደኛ፥ በሐረና ጫካ አፋፍ ላይ ሪራ ከምትባል መንደር ይደርሳል። የሪራ ሰዎች ከብት ያረባሉ፥ በዛፍም ላይ ቀፎ ሰቅለው ማር ይቈርጣሉ። ስለዚህ ቅቤና ሰም በአንድ ቤት ይገኛሉ። ኹለቱ የማይገናኙ ይመስላሉ፤ ነገር ግን የአንድ ወገን ናቸው። ሊቃውንት ይህን ወገን ሊፒድ ይሉታል፤ ይኸውም ስብ፥ ቅቤ፥ ዘይትና ሰም ያሉበት ነው።

የዚህ ወገን ምልክቱ ከውሃ ጋር አለመዋሐዱ ነው። በወተት ውስጥ ቅባቱ እጅግ ደቃቅ ጠብታ ኾኖ፥ እያንዳንዱም በስስ ሽፋን ተጠቅልሎ ይኖራል። እርጎው በተናጠ ጊዜ ሽፋኑ ይቀደድና ጠብታ ከጠብታ ይጣበቃል፤ ቅቤውም ከአሬራው ተለይቶ ይወጣል።

የቅቤና የዘይት አሠራር እንዲህ ነው። ግሊሰሮል በሚባል ነገር ላይ 3 የስብ አሲዶች እንደ ጅራት ተያይዘዋል። ጅራቱ ቀጥ ያለ እንደ ኾነ እንደ ተደረደረ እንጨት ይጠጋጋል፥ ስቡም ይረጋል። የጐበጠ እንደ ኾነ ግን መጠጋጋት ስለማይችል እንደ ኑግ ዘይት ፈሳሽ ኾኖ ይቀራል። በቅቤ ውስጥ ቀጥ ያለው ስለሚበዛ፥ በደጋ ብርድ ቅቤው ይጠነክራል።

ጥቅሙም ብዙ ነው። 1 ግራም ስብ 9 ኪሎ ካሎሪ ኀይል ሲሰጥ፥ ያው ልክ የእህል ስታርች 4 ብቻ ይሰጣል። ከቈዳ በታች ያለው ስብ የሰውነትን ሙቀት ይጠብቃል። በሐረና ጫካ የበቀለው የቡና ቅጠል የሚያብረቀርቀው፥ ዝናቡም ከላዩ የሚንሸራተተው፥ በስስ ሰም ስለ ተለበጠ ነው።

ከዚህም የሚበልጥ አለ። የሰውም የእንስሳም የዕፀዋትም አካል ከደቃቅ ሕዋሳት ተሠርቷል፤ እያንዳንዱን ሕዋስ የከበበውም ዐጥር በአብዛኛው ከዚሁ ወገን ነው። የዐጥሩ ቅንጣት ራሱ ውሃን ይወዳል፥ ኹለት ጅራቶቹ ግን ይሸሹታል፤ ስለዚህ ቅንጣቶቹ ጅራታቸውን ወደ ውስጥ አግጥመው በኹለት ረድፍ ይሰለፋሉ። ይህ ዐጥር ባይኖር ሕይወት ባልኖረም ነበር።

ቫይታሚን ኤ ያነሰው ልጅ ጀንበር ከጠለቀች በዃላ መንገዱን አያይም፤ ይህም በሽታ ዳፍንት ይባላል። ጎመን፥ አካል ወደ ቫይታሚን ኤ የሚለውጠው ነገር አለው፤ ነገር ግን ያለ ቅባት የተበላ እንደ ኾነ አብዛኛው ሳይጠቅም ያልፋል። ስለዚህ ቅቤው ኹሉ ወደ ገበያ ወጥቶ ልጁ ደረቅ ጎመን ቢበላ፥ መድኀኒቱ በእጅ ሳለ ዐይኑ ይጐዳል። ዳፍንት የታየበትም ልጅ ፈጥኖ ወደ ጤና ጣቢያ ሊወሰድ ይገባል።

ኾኖም መጠን ያሻል፤ የረጋ ስብ ሲበዛ የደም ሥርን ያጠብባል። ቅቤው ለገበያ ሲቋጠር ለልጁ ጎመን የሚበቃ ማንኪያ ቀድሞ ይነሣለት።