«ኦስካር የወሰደችው ሐበሻ»፦ ስለ ሩት ነጋ እውነት ወይስ ተረት?

ጋሸና መገንጠያ ነው። ከወልድያ ወደ ወረታ የሚያልፈው፣ ወደ ላሊበላ የሚታጠፈው፣ ከደላንታ በኩል የሚመጣው ሁሉ እዚያ ይገናኛል። መኪናው እስኪሞላ ጋቢውን ተከናንቦ ሻይ የሚጠጣ መንገደኛ ወሬ ሳይለዋወጥ አይነሳም። የፊልም ነገር ከተነሣ ደግሞ «ኦስካር የወሰደች ሐበሻ እኮ አለች» የሚል አይጠፋም። ሩት ነጋን ማለቱ ነው። ወሬው የሚያኮራ ስለሆነ ማንም ለማረም አይቸኩልም። እኔ ግን መታረም አለበት ባይ ነኝ፤ የሠራችው ራሱ የሚያኮራ ሆኖ ሳለ ያላገኘችውን መደረብ ድካሟን ይሸፍንባታል። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሩት ኦስካር አልወሰደችም። በ2017 «ላቪንግ» በተሰኘው ፊልም ለምርጥ መሪ ተዋናይት ከታጩት አምስት ሴቶች አንዷ ነበረች። ያሸነፈችው ኤማ ስቶን ናት፤ ሳያሸንፉ ከተመለሱት መካከል ሜሪል ስትሪፕና ኢዛቤል ኡፔር ይገኙበታል። ከእነዚህ ጋር በአንድ መስመር መጠራት እንዲህ በዋዛ የሚገኝ አይደለም። «እንግዲያማ ምንም አልተሸለመችም» የሚሉም አሉ፤ ይሄም ስሕተት ነው። ዘፋኟን ሸርሊ ባሲን ሆና በሠራችበት የቢቢሲ ፊልም በ2012 የአየርላንድ የፊልምና የቴሌቪዥን አካዳሚ ሸልሟታል። በ2022 ደግሞ «ፓሲንግ» በተባለው ጥቁርና ነጭ ፊልም የኢንዲፐንደንት ስፒሪት የምርጥ ረዳት ተዋናይት ሽልማትን ወስዳለች። እዚያ ላይ የምትጫወተው ጥቁርነቷን ደብቃ እንደ ነጭ የምትኖር ሴት ሆና ነው።

አዲስ አበባ አድጋ ወደ ሆሊውድ ሄደች የሚባለውስ? አዲስ አበባ መወለዷ እውነት ነው። አባቷ ኢትዮጵያዊ ሐኪም፣ እናቷ አየርላንዳዊት ነርስ ናቸው። በ4 ዓመቷ ግን ከእናቷ ጋር ወደ አየርላንድ ሄዳ ሊምሪክ ከተማ አደገች። አባቷ እዚሁ ቀርቶ ነበር፤ እሷ ገና ልጅ ሳለች በመኪና አደጋ ሞተ። የእኛ ናት ስንል ይህንንም አብረን ማንሳት አለብን። ያሳደገቻት አየርላንድ ናት፤ ትወና የተማረችውም ደብሊን በሚገኘው ትሪኒቲ ኮሌጅ ነው።

ከሁሉም የሚቆጨኝ ግን «በአንድ ፊልም ድንገት ታወቀች» መባሉ ነው። «ላቪንግ» ከመውጣቱ 11 ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ2005፣ በኒል ጆርዳን «ብሬክፋስት ኦን ፕሉቶ» ላይ ሠርታለች። በ2009 ለንደን በሚገኘው ናሽናል ቴአትር ከሄለን ሚረን ጋር በ«ፌድር» ተውኔት መድረክ ላይ ቆማለች። ከኦስካር ዕጩነቷ በኋላም ከመድረክ አልራቀችም፤ በ2018 ደብሊን ጌት ቴአትር ውስጥ ሐምሌትን ሆና ተጫውታለች። አዎ፣ ልዑሉን ራሱን። በ2022 በብሮድዌይ ከዳንኤል ክሬግ ጋር በ«ማክቤዝ» ተውና ለቶኒ ሽልማት ታጭታለች።

ስለ «ላቪንግ» ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የፈጠራ የፍቅር ታሪክ ይመስለዋል። ታሪኩ በእውን የሆነ ነው። ጥቁሯ ሚልድረድና ነጩ ሪቻርድ ላቪንግ በ1958 ዋሽንግተን ሄደው ተጋቡ። ጥቁርና ነጭ መጋባት ወደተከለከለባት ቨርጂኒያ ሲመለሱ ፖሊስ ሌሊት ከመኝታቸው ቀስቅሶ አሰራቸው። የአንድ ዓመት እስር ተፈረደባቸው፤ ቅጣቱ የሚታገደው ከቨርጂኒያ ወጥተው ለ25 ዓመት አብረው ካልተመለሱ ብቻ ነው ተባለ። ሚልድረድ ለጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ለሮበርት ኬኔዲ ደብዳቤ ጻፈች፤ ጉዳዩም ኤሲኤልዩ ለተባለው የሲቪል መብቶች ድርጅት ተመራ። በሰኔ 1967 የአገሪቱ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ያለ አንድ ተቃውሞ ፈረደላቸው።

ዳይሬክተሩ ጄፍ ኒኮልስ ካሜራውን ችሎቱ ውስጥ አላቆየውም፤ ከቤታቸው አልለይ አለ። ሚልድረድ ደግሞ ቁጥብ ሴት ናት። ስለዚህ ሩት ትልቁን ነገር ሁሉ በዓይኗና በአንገቷ አያያዝ መሸከም ነበረባት። ስልክ ይዛ የጠበቃውን ዜና ስትሰማ ተመልከቷት፤ አትጮኽም፣ አትዘልም፣ ፊቷ ብቻ ቀስ እያለ ይፈታል። እንዲህ ያለ ትወና በድንገት አይመጣም፤ የዓመታት መድረክ ያፈራው ነው። በኦስካሩ ምሽት ቀሚሷ ላይ የለጠፈችው ሰማያዊ ሪባን የዚያው የኤሲኤልዩ ነበር።

የመጨረሻው ተረት ተዋናይት ለመሆን ለሚመኙ ልጆች የሚነገረው ነው፦ «ካልተሰደድሽ የትም አትደርሺም»። ይህም እውነት አይደለም። ሜሮን ጌትነትና ትዝታ ሐገሬ የሠሩበት «ድፍረት» አማርኛ ተናጋሪ ፊልም ሆኖ ሳለ በ2014 በሰንዳንስም በበርሊንም የተመልካቾችን ሽልማት ወስዷል። በያሬድ ዘለቀ «ላምብ» ውስጥ ቅድስት ስዩም የተጫወተቻት ጽዮን ደግሞ የገጠር ልጅ ናት፤ ጋዜጣ ካገኘች ከእጇ የማትለይ፣ ስለ ባል ሲነሣባት እሺ የማትል። ፊልሙ በግንቦት 2015 በካን ፌስቲቫል ይፋዊ ምርጫ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ሆነ። ሩት በ«ላቪንግ» ካን የደረሰችው በዓመቱ ነው።