የሰፊ ማተሚያ የቀለምና የኅትመት ራስ ችግሮች

ሰፊ ማተሚያ ወርዱ ከ60 ሳንቲሜትር ገደማ ጀምሮ እስከ ጥቂት ሜትር በሚደርስ ወረቀት፣ ባነር፣ ስቲከር ወይም ጨርቅ ላይ ቀለም እየረጨ የሚያትም ማሽን ነው። የማስታወቂያ ሰሌዳ፣ የሱቅ ታፔላ፣ የሠርግና የምርቃት ባነር፣ የሕንፃ ንድፍ እንዲሁም ትልልቅ ፎቶግራፎች የሚታተሙት በዚህ ማሽን ነው። ከማሽኑ ክፍሎች ሁሉ ውድ ከሆኑት አንዱ ቀለሙን የሚረጨው የኅትመት ራስ ሲሆን፣ በሙያተኞች ዘንድ «ሄድ» ተብሎ ይጠራል። ይሁን እንጂ በኅትመት ላይ የሚታይ ጉድለት ሁሉ የሄድ ብልሽት አይደለም። ቀለም የሚያደርሰው ቱቦ፣ ሄዱን የሚሸፍነው ክዳን፣ የክፍሉ አየር ወይም የወረቀቱ አጎታተት ተመሳሳይ ጉድለት ሊያስከትል ይችላል። ስለዚህ ጥገና የሚጀምረው ሄዱን በማጠብ ሳይሆን የችግሩን ምንጭ በመለየት ነው።

የሄዱ አሠራር

ቀለም የሚረጩ ማተሚያዎች በዋናነት በሁለት መንገድ ይሠራሉ። በአንደኛው፣ ከቀዳዳው ጀርባ ያለች ትንሽ ማሞቂያ ቀለሙን በቅጽበት ታፈላዋለች፤ የሚፈጠረውም አረፋ ጠብታውን ገፍቶ ያስወጣዋል። የጃፓኑ የካኖን ኩባንያ ተመራማሪ ኢቺሮ ኤንዶ ወደዚህ ሐሳብ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1977 የጋለ የብየዳ ብረት ቀለም የያዘ መርፌ ሲነካና ቀለሙ ሲፈናጠር አይቶ ነው። በሁለተኛው መንገድ ጠብታውን የሚገፋው ኤሌክትሪክ ሲደርሰው ቅርጹን የሚለውጥ ፒዬዞ የተባለ ቁስ ነው። ወንድማማቾቹ ፒየርና ዣክ ኩሪ እ.ኤ.አ. በ1880 አንዳንድ ክሪስታሎች ሲጨመቁ ኤሌክትሪክ እንደሚያመነጩ አሳይተዋል፤ ሄዱ የሚጠቀመው የዚህን ግልባጭ ነው።

በማሞቂያ የሚሠራ ሄድ በአብዛኛው እንደ አላቂ ዕቃ ይቆጠራል፤ ሲያረጅ ተጠቃሚው ራሱ አውጥቶ ይቀይረዋል። የፒዬዞ ሄድ ግን ረጅም ዕድሜ እንዲኖረው ተደርጎ የሚሠራ ሲሆን፣ ዋጋውም ከፍ ያለ ነው። በባነር ማተሚያዎች ላይ በስፋት የሚገኘው የኤፕሰን ዲኤክስ5 ሄድ 8 ረድፍ አለው፤ በእያንዳንዱ ረድፍ 180፣ በድምሩ 1,440 ቀዳዳዎች ይገኛሉ። ቀዳዳዎቹ ከሰው ፀጉር የቀጠኑ ናቸው። የሚወጣው ጠብታ የሚለካው በፒኮሊትር ሲሆን፣ 1 ፒኮሊትር የ1 ሊትር አንድ ትሪሊዮንኛ ነው። በዚህ መጠን ሲታሰብ የደረቀ ቀለም ቅንጣት፣ የአቧራ ብናኝ ወይም የአየር አረፋ ቀዳዳውን ለመዝጋት በቂ ነው።

ማሽኑ ሥራ ሲያቆም ሄዱ ካፕ በሚባል የጎማ ክዳን ላይ ያርፋል። ክዳኑ ሁለት ሥራ አለው፦ ቀዳዳዎቹ እንዳይደርቁ ይሸፍናቸዋል፤ በእጥበት ጊዜም ከሥሩ ያለው ፓምፕ ቀለሙን በእርሱ በኩል ይስባል። ዋይፐር የተባለው የጎማ ጠራጊ ደግሞ የሄዱን ገጽ ያብሳል። ከሄዱ በላይ ያለው ዳምፐር ቀለሙን ያጣራል፤ በጋሪው መመላለስ የሚመጣውን የግፊት መዋዠቅም ያለዝባል።

ችግሩን መለየት

የመጀመሪያው እርምጃ የቀዳዳ ፍተሻ ማተም ነው። በዚህ ፍተሻ እያንዳንዱ ቀዳዳ አንዲት አጭር መስመር ስለሚያሰምር ያልሠራው በጉድለቱ ይታወቃል። አንድ ፍተሻ ብቻውን ብዙ አይናገርም፤ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ በተከታታይ አትሞ ማነጻጸር ግን ምንጩን ይጠቁማል።

የጎደሉት መስመሮች ሁልጊዜ በአንድ ቦታ ከሆኑ፣ ቀዳዳዎቹ ተደፍነዋል ወይም ሞተዋል። ከእጥበት በኋላ ጥቂቶቹ ከተመለሱ ችግሩ የደረቀ ቀለም ነው። ምንም ለውጥ ከሌለ የፒዬዞው ወይም የኤሌክትሪክ መስመሩ ብልሽት ይጠረጠራል።

የጎደሉት መስመሮች በየፍተሻው ቦታ ከቀያየሩ፣ በቱቦው ወይም በዳምፐሩ ውስጥ አየር ገብቷል። የላላ መጋጠሚያ ወይም የተሰነጠቀ ቱቦ መኖሩ ይታያል።

ፍተሻው ሙሉ ሆኖ ኅትመቱ እየቆየ ከደበዘዘ፣ ሄዱ ቀለም እየተራበ ነው። የዳምፐሩ ማጣሪያ ደፍኖ፣ ቱቦው ተጣጥፎ ወይም የቀለም ዕቃው የአየር መግቢያ ተዘግቶ ሊሆን ይችላል።

ፍተሻው ከእጥበት በኋላ ከባሰ፣ ዓይን ወደ ክዳኑና ወደ ጠራጊው መዞር አለበት። ክዳኑ በደንብ ካልገጠመ ፓምፑ በቀለም ፋንታ አየር ይስባል፤ የቆሸሸ ጠራጊም አንዱን ቀለም ወደ ሌላው ቀዳዳ ይገፋል። ክዳኑ ውስጥ የማጽጃ ፈሳሽ ጨምሮ ፓምፑን ማሠራት ቀላል ፈተና ነው፤ ፈሳሹ ካልተሳበ ፓምፑ ወይም ቱቦው ደፍኗል።

ፍተሻው ሙሉ ሆኖ በኅትመቱ ላይ እኩል የተራራቀ ሰንበር ከታየ፣ ጥፋቱ በአብዛኛው የሄዱ አይደለም። ነጭ ሰንበር ወረቀቱ ከሚገባው በላይ መጎተቱን፣ ጠቆር ያለ ሰንበር ደግሞ ከሚገባው ያነሰ መጎተቱን ያመለክታል። ጥንድ ሆኖ የሚታይ መስመር የአቅጣጫ ማስተካከያ ሲፈልግ፣ የምስሉ መዘባረቅ ደግሞ የጋሪውን ቦታ የሚለካው ቀጭን ፕላስቲክ መቆሸሹን ሊያሳይ ይችላል።

አስተጣጠብ

ማሽኑ በራሱ የሚያደርገው እጥበት ቀላል፣ መካከለኛና ከባድ ደረጃዎች አሉት። ከቀላሉ መጀመር፣ ከእያንዳንዱ በኋላም ፍተሻ ማተም ያስፈልጋል። ሁለት ሦስት ጊዜ ታጥቦ ካልተሻለ ማቆም ይሻላል። ተደጋጋሚ እጥበት ውድ ቀለም ያፈሳል፣ የትርፍ ቀለም መያዣውን ይሞላል፤ ክዳኑ የሚያስገባ ከሆነም ተጨማሪ አየር ይስባል። ማሽኑን ለጥቂት ሰዓታት ማሳረፍ አረፋው እንዲወጣና የደረቀው እንዲለሰልስ ዕድል ይሰጣል። ከዚያም ክዳኑን በማጽጃ ፈሳሽ ሞልቶ ሄዱን ለተወሰነ ጊዜ በእርሱ ላይ ማሳረፍ የተለመደ ዘዴ ነው።

የማጽጃ ፈሳሹ ከቀለሙ ዓይነት ጋር መስማማት አለበት። ውሃ የኢኮ ሶልቬንት ቀለምን ያረጋዋል፤ ኃይለኛ ሶልቬንት ደግሞ ለውሃ ቀለም የተሠራን ሄድ ማጣበቂያ ሊበላ ይችላል። የሄዱ ገጽ ቀለም እንዳይዝ የሚያደርግ ስስ ሽፋን ስላለው በጨርቅ መፈተግ የለበትም። በመርፌ ፈሳሽ በኃይል መግፋት በውስጡ ያለውን ስስ ክፍል ሊቀድ ይችላል። ሄዱ ከመነቀሉ በፊት ማሽኑ ጠፍቶ ሶኬቱ መነቀል አለበት። አንድ ጠብታ ቀለም በሄዱ ጠፍጣፋ ኬብል ላይ ካረፈ መብራት ሲለቀቅ ሄዱንና ዋናውን ቦርድ አብሮ ሊያቃጥል ይችላል። ሶልቬንት የሚነካ ሰው ጓንት ማድረግ፣ ክፍሉም አየር የሚዘዋወርበት መሆን አለበት።

ከቀለሙ የሚመጡ ችግሮች

ተመሳሳይ ስም ያላቸው የሁለት አምራቾች ቀለሞች ሲቀላቀሉ ረግተው ቱቦውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሊደፍኑ ይችላሉ። ስለዚህ ቀለም ሲቀየር የቀድሞው ከቱቦው ሙሉ በሙሉ ታጥቦ መውጣት አለበት። ጊዜው ያለፈበት ቀለምም ይወፍራል። ነጭ ቀለም የሚሠራበት ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ከባድ በመሆኑ ወደ ታች ይዘቅጣል፤ በየቀኑ ካልተበጠበጠና በቱቦው ካልተዘዋወረ ይደፍናል። በዩቪ ብርሃን የሚደርቅ ቀለም በትነት አይደርቅም። ሆኖም በመስኮት የገባ የፀሐይ ብርሃን ወይም ከመብራቱ የተንጸባረቀ ጨረር ሄዱ ላይ ካረፈ ቀለሙ ቀዳዳው ውስጥ እንዳለ ይጠጥራል፤ እንዲህ የጠጠረውን በእጥበት ማስለቀቅ እጅግ አስቸጋሪ ነው።

የአካባቢው ተጽዕኖ

የብዙ ማሽኖች መመሪያ የክፍሉ ሙቀት ከ20 እስከ 30 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ የአየሩ እርጥበት ደግሞ ከ35 እስከ 65 በመቶ አካባቢ እንዲሆን ይመክራል። በአዲስ አበባና በሌሎች የኢትዮጵያ ደጋማ ከተሞች በበጋ ወራት አየሩ ደረቅና አቧራማ ስለሚሆን ቀለም ቶሎ ይደርቃል። በር መዝጋት፣ ወለሉን ከመጥረግ ይልቅ በእርጥብ ጨርቅ መወልወል፣ በክፍሉም ውሃ የሚያተን ዕቃ ማስቀመጥ ይረዳል።

ሌላው የመብራት መቆራረጥ ነው። በሥራ መካከል መብራት ሲጠፋ ጋሪው ባለበት ይቆማል፤ ሄዱም ሳይሸፈን ይቀራል። በዚህ ሁኔታ ካደረ ጠዋት የተደፈነ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። መመሪያው የሚፈቅድ ከሆነ ጋሪውን በእጅ ቀስ አድርጎ ወደ ክዳኑ መመለስ ይቻላል። በባትሪ የሚሠራ የኃይል መጠባበቂያ ሥራውን ለማስጨረስ ባይበቃ እንኳ ሄዱን ወደ ማረፊያው ለማድረስ የሚያስፈልገውን ጥቂት ጊዜ ይሰጣል። ከጄኔሬተር ወደ መስመር በሚቀየርበት ጊዜ የሚመጣው የኃይል መዋዠቅም ቦርዱን ስለሚጎዳ የኃይል ማስተካከያ ያስፈልጋል።

መከላከያና መተካት

ማሽኑ ሥራ ባይኖረውም በየቀኑ ሁሉንም ቀለም የያዘ ትንሽ ምስል ማተም፣ የክዳኑን ጠርዝና ጠራጊውን በተመደበው ፈሳሽ ማጽዳት፣ ዳምፐሮችን በጊዜያቸው መቀየር አብዛኛውን መደፈን ይከላከላል። ማሽኑን ከሶኬት ነቅሎ ሳይሆን በራሱ ቁልፍ ማጥፋት ሄዱ በትክክል እንዲሸፈን ያደርጋል።

አዲስ ሄድ ከመገዛቱ በፊት ክዳኑ፣ ፓምፑ፣ ዳምፐሩና ኬብሉ መፈተሽ አለባቸው። ማሽኑ ከአንድ በላይ ተመሳሳይ ሄድ ካለው የሁለቱን ኬብል ማቀያየር ይጠቅማል፤ ጉድለቱ ኬብሉን ተከትሎ ወደ ሌላው ከሄደ ጥፋቱ ከኬብሉ ወይም ከቦርዱ ነው፤ በነበረበት ከቀረ ግን ሄዱ ነው። ምክንያቱ ሳይታወቅ የሚገጠም አዲስ ሄድ የቀድሞውን በገደለው ክዳን፣ ቀለም ወይም ቦርድ ሊበላሽ ይችላል።