ደመወዝና አበል፦ በአገልግሎቱ አጋማሽ ላይ ያለ የበታች ሹም ገቢና ጡረታ
(የሕዝባዊ ትምህርታዊ ንግግር ግልባጭ)



የዛሬውን ርእስ የሰጠኝ ጎረቤቴ ነው። የምኖረው በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ፣ ከ18 ማዞሪያ ብዙም ሳይርቅ ነው። ሠፈሩ ከወታደር ጋር የቆየ ዝምድና አለው። ኔልሰን ማንዴላ በ1954 ዓ.ም. ወታደራዊ ሥልጠና የወሰዱት በዚሁ በኮልፌ፣ በፈጥኖ ደራሽ ሠራዊት ሠፈር ነበር። ጎረቤቴ ሃምሳ አለቃ ነው፤ ሃያ ዓመት አገልግሏል። ባለፈው ክረምት ለፈቃድ በመጣበት አንድ ማታ፣ አንዲት የታጠፈች ወረቀት ይዞ ቤቴ ገባና እንዲህ ሲል ጠየቀኝ፦ «መምህር፣ በወር ከማገኘው ገንዘብ ውስጥ ለጡረታዬ የሚታሰበው የትኛው ነው?»

ጥያቄው አጭር ቢሆንም የብዙ ቤተሰብን ኑሮ የሚወስን ነው። መልሱም የሚገኘው ደመወዝና አበል በሚባሉት ሁለት ቃላት መካከል ካለው ልዩነት ነው።

አስቀድመን ወደ ኋላ መለስ እንበል። በቀድሞው ዘመን ወታደር የሚኖረው በማደሪያ መሬት፣ በድርጎና በገበሬው ቤት በሚሰጠው መስተንግዶ ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ ለወታደሩ ቋሚ ክፍያ በመስጠት ዘረፋን ለማስቀረት ሞክረዋል። ዐፄ ምኒልክ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1892 የዐሥራት ግብርን ሲደነግጉ አንዱ ዓላማቸው ወታደሩ በባላገር ቤት እየተመራ መመገቡን ማስቀረት ነበር። ወርኃዊ ደመወዝ የሠራዊቱ ዋነኛ መተዳደሪያ የሆነው ከጣሊያን ወረራ በኋላ በተደራጀው ዘመናዊ ጦር ነው። ሕዝባችን ቃሉን «ደም» እና «ወዝ» ብሎ ይፈታዋል። ፍቺው በሥነ ልሳን ባይጸና እንኳ ወታደሩ ስለ ክፍያው ያለውን ስሜት በሚገባ ይገልጻል።

የክፍያ ነገር የሀገሪቱን ታሪክ እስከ መለወጥ የደረሰበትም ጊዜ አለ። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የተሞከረው መፈንቅለ መንግሥት ከከሸፈ በኋላ፣ ሠራዊቱ በዚያው ዓመት ደመወዝ እንዲጨመርለት ጠይቆ ተጨምሮለታል። ጥር 4 ቀን 1966 ዓ.ም. ደግሞ በነገሌ ቦረና የነበሩ ወታደሮችና የበታች ሹማምንት በምግብና በውኃ እጦት ምክንያት አመፁ። ሊያጣሩ የተላኩትን ጄኔራል ደረሰ ዱባለን አግተው እነሱ ከሚመገቡት እንዲመገቡ አደረጓቸው። በየካቲት ወር የአሥመራው ሁለተኛ ክፍለ ጦር ባለሌላ ማዕረጎች ተከተሉ። መንግሥት ደመወዝ ቢጨምርም እንቅስቃሴው አልቆመም። በዚያው ዓመት ሰኔ 21 ቀን ደርግ ተሰበሰበ። ከዚህ የምንረዳው፣ የወታደር ገቢ በወሩ መጨረሻ በእጁ የሚቆጠረው ብር ብቻ አለመሆኑን ነው። ቀለቡም፣ ውኃውም፣ መኖሪያውም፣ ሲወጣ የሚጠብቀው ጡረታም የገቢው አካል ናቸው።

አሁን ወደ ሕጉ እንምጣ። የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ ቁጥር 714/2003፣ ኋላም እሱን የተካው አዋጅ ቁጥር 1267/2014፣ የመከላከያና የፖሊስ አባላትን ያጠቃልላሉ። የስሌቱ መሠረት ደመወዝ ነው፤ ይህም በመደበኛው ሥራ የሚከፈለው የወር ደመወዝ ነው። የበረሃም ሆነ የቤት፣ የኃላፊነትም ሆነ የውሎ፣ አበል በዚህ ውስጥ አይገባም። ከወታደሩ ደመወዝ 7 በመቶ ይቀነሳል፤ መንግሥት 25 በመቶ ይጨምርበታል። ለሲቪል ሠራተኛ የመንግሥት ድርሻ 11 በመቶ ነው።

ለመጀመሪያዎቹ 10 የአገልግሎት ዓመታት 30 በመቶ ይታሰባል። ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት ለሲቪሉ 1.25፣ ለወታደሩና ለፖሊሱ 1.65 በመቶ ይጨመራል፤ ጣሪያው 70 በመቶ ነው። የሚባዛውም በመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዝ ነው። የጡረታ መውጫ ዕድሜና ምክንያት የየራሳቸው ድንጋጌ ስላላቸው፣ እኔ የምወስደው ስሌቱን ብቻ ነው።

ለምሳሌ ያህል ቁጥሮች ልውሰድ፤ የማንም ሰው ደመወዝ አይደሉም። አማካይ ደመወዙ 8,000 ብር፣ ልዩ ልዩ አበሉ 4,000 ብር የሆነ የበታች ሹም እናስብ። ቤተሰቡ የሚያውቀው ገቢ 12,000 ብር ነው። በ20 ዓመት አገልግሎት የጡረታው መጠን 46.5 በመቶ ሲሆን፣ ይህ 3,720 ብር ይሆናል። ከደመወዙ ጋር ሲነጻጸር ግማሽ ሊሞላ ምንም አልቀረውም፤ ቤቱ ከለመደው ገቢ ጋር ሲነጻጸር ግን ከሲሶ በታች ነው። አባወራው ቢሞት ደግሞ ለሚስቱ የሚደርሳት የጡረታው 50 በመቶ፣ ለእያንዳንዱ ልጅ 20 በመቶ ነው። የሚስቱ ድርሻ እንግዲህ 1,860 ብር ይሆናል። የኮልፌን የቤት ኪራይ የምታውቁ ሁሉ ይህ ምን ማለት እንደሆነ አስረዱኝ አትሉኝም።

የአገልግሎት አጋማሽ ልዩ ትኩረት የሚሻው ስለዚህ ነው። አዲስ ምልምል ገና ጊዜ አለው፤ ሊሰናበት የተቃረበው ደግሞ የሚለውጠው ነገር ጥቂት ነው። አጋማሹ ላይ ያለው ግን ሦስት ነገሮችን አውቆ ሊወስን ይችላል። አንደኛ፣ 70 በመቶው ጣሪያ የሚደረሰው ከ34 ዓመት አገልግሎት በኋላ ነው፤ በምሳሌያችን እያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት በወር 132 ብር ያስገኛል። ሁለተኛ፣ የማዕረግ ዕድገት ያስገኘው ጭማሪ በጡረታው ላይ በሙሉ የሚታየው ሦስት ዓመት ሲሞላው ነው። ባደገ በዓመቱ የወጣ ሰው የሚታሰብለት የጭማሪው ሲሶ ብቻ ነው። ኑሮ በሚወደድበት ዘመን የሦስት ዓመት አማካይ ሁልጊዜ ከገበያው ኋላ ይቀራል። ሦስተኛ፣ አበል ከቦታና ከኃላፊነት ጋር ይሄዳል፤ ከበረሃ የተመለሰ ሰው የበረሃ አበሉን እዚያው ትቶት ይመጣል። በሰላም ማስከበር የሚገኘውም ገንዘብ እንዲሁ ነው። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በእያንዳንዱ ወታደር ልክ የሚከፍለው ለላኪው መንግሥት ሲሆን፣ ወታደሩ የሚያገኘው መንግሥቱ በወሰነው መጠን ነው። ይህ ገንዘብ ቤት ያሠራ ይሆናል እንጂ ጡረታ አያሳድግም።

ችግሩ የእኛ ብቻ አይደለም። በአሜሪካም የወታደር ጡረታ የሚሰላው በመሠረታዊ ደመወዝ ነው፤ የቤትና የቀለብ አበል አይቆጠርም። በነባሩ ሥርዓት ሃያ ዓመት ያገለገለ 50 በመቶ ያገኛል። እ.ኤ.አ. በ2018 የጀመረው አዲሱ ሥርዓት ይህን ወደ 40 በመቶ ዝቅ አድርጎ፣ በምትኩ መንግሥት የሚያግዘው የቁጠባ ሒሳብ ጨምሯል።

ታዲያ አበሉን ሁሉ ወደ ደመወዝ ማዞር ይሻላል? ተማሪዎቼ ብዙ ጊዜ ይህን ሐሳብ ያቀርባሉ። እስቲ እናስላው። 1,000 ብር አበል ደመወዝ ቢሆን፣ ለጡረታ ብቻ ከወታደሩ እጅ በየወሩ 70 ብር ይጎድላል፤ መንግሥትም 250 ብር ተጨማሪ ያወጣል። በ20 ዓመት የሚወጣው ሰው ጡረታ ግን በ465 ብር ያድጋል። የበረሃ አበል ለበረሃው መከራ የሚከፈል በመሆኑ አበል ሆኖ መቅረቱ ተገቢ ይመስለኛል። ቦታ ሳይለይ ለሁሉም፣ በየወሩ፣ ዓመት እስከ ዓመት የሚከፈል አበል ግን በስም አበል ይሁን እንጂ በግብር ደመወዝ ነው። እንዲህ ያለውን ከጡረታ ውጭ ማቆየት የዛሬውን በጀት ያቀልላል፤ ሸክሙን የሚሸከሙት ግን ነገ መበለቲቱና ልጆቹ ናቸው። ለጥናት የሚገባው ጥያቄ ይህ ነው።

ያን ማታ ከጎረቤቴ ጋር ስሌቱን በወረቀቱ ጀርባ ላይ ሠራነው። ሁለት ዓምድ አደረግን፤ በአንዱ አብሮት የሚወጣውን፣ በሌላው እዚያው የሚቀረውን ጻፍን። ጥቂት ዝም ብሎ አየውና፣ «ባለቤቴ እስከ ዛሬ የምታቅደው በድምሩ ነው» አለኝ። ወረቀቱንም አጥፎ ሊያሳያት ይዞት ሄደ። ከመካከላችሁ የወታደር ልጅ፣ ወንድም ወይም እኅት የሆነ ቢኖር፣ ዛሬ ማታ ያንኑ ሁለት ዓምድ ከቤተሰቡ ጋር እንዲሠራ አደራ እላለሁ።

 አሁን ወደ ጥያቄዎቻችሁ እናልፋለን።