ጦና፣ ጳውሎስ፣ ናሆም

ናሆም ጳውሎስ ጦና የሚባል ተማሪ አለ እንበል። ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ፤ ወላይታ ሶዶ ውስጥ በየትምህርት ቤቱ ስም ሲጠራ ግን እንዲህ ያለ አደራደር ብዙ ይሰማል። ከአያት ወደ ልጅ ሲነበብ የወላይታን የስም አወጣጥ ለውጥ በቅደም ተከተል ያሳያል።

ጦና የወላይታ የመጨረሻው ንጉሥ ስም ነው፤ ካዎ ጦና ጋጋ በ1887 ዓ.ም. ከምኒልክ ጦር ጋር ተዋግተው ተማረኩ። ከዚያ በኋላ ከነፍጠኛውና ከቤተ ክህነቱ ጋር ኃይለ፣ ገብረ፣ ወልደ የሚሉ ስሞች ገቡ። ብዙ ልጅ ቤት ውስጥ በወላይትኛ፣ ደጅ ሲወጣ በአማርኛ ይጠራ ነበር። ሕዝቡ ራሱ እስከ አብዮቱ ድረስ በመንግሥት ወረቀት ላይ «ወላሞ» ነበር። ከ2005 እስከ 2010 ዓ.ም. አገር የመሩት የቦሎሶ ሶሬው ተወላጅ ኃይለማርያም ደሳለኝ የሐዋርያት ቤተ ክርስቲያን አማኝ ናቸው፤ ስማቸው ግን የማርያም ነው። ስም ከእምነት ጋር እኩል አይራመድም።

ጳውሎስ የመጣው በሌላ በር ነው። የሱዳን ኢንቴሪየር ሚሽን ሰዎች በ1920 ዓ.ም. ገደማ ሶዶ ገቡ። የመጀመሪያዎቹ አማኞች ስማቸውን አልለወጡም፤ ዋንዳሮ ዳባሮ በወንጌላውያን ታሪክ የሚታወቁት በዚያው በወላይታ ስማቸው ነው። ጴጥሮስ፣ ማርቆስ፣ ጳውሎስ እየተባሉ ያደጉት ልጆችና የልጅ ልጆች ናቸው።

ደርግ ብዙ አብያተ ክርስቲያናትን ሲዘጋ እንኳ ስሞቹ አልጠፉም። እንዲያውም በዙ፤ በአንድ ክፍል ሦስት ጴጥሮስ ሲገኝ ወላጅ ያልተያዘ ስም ፍለጋ መጽሐፍ ቅዱስን እንደገና ገለጠ። ከነቢያት ናሆም፣ ከቦታ ኤፍራታና ኬብሮን፣ ከአምላክ መጠሪያ ኤልሻዳይ ተመረጡ። አጠር ያለ፣ ሰፈር ውስጥ ያልተሰማ፣ ከእምነት ያልወጣ፣ አዲስ አበባም ሆነ ውጭ አገር ለመጥራት የማያስቸግር ስም ይፈለጋል። ጎረቤት «ይሄ ደግሞ ምን ማለት ነው?» ካለ እናት ምዕራፍና ቁጥር ትጠቅሳለች።

እኔን የሚያሳስበኝ ይህ የስም ለውጥ የሆነበት ዘመን ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ወላይትኛን ከጋሞ፣ ከጎፋና ከዳውሮ ቋንቋዎች ጋር ቀላቅሎ «ወጋጎዳ» የሚል መማሪያ መጽሐፍ ሲመጣ ሶዶ ተነሣች፤ ሰው ሞተ፣ መጽሐፉ ቀረ፣ ወላይታም ራሱን የቻለ ዞን ሆነ። ለቋንቋው ስም ይህን ያህል የከፈለ ሕዝብ ለልጁ ግን ከቋንቋው ስም ማውጣቱን እየተወ ነው።

ምክንያት የለም አልልም። ወላይትኛ በትምህርት ቤት የሚጻፈው በላቲን ፊደል ነው፤ በዚያ አጻጻፍ «ጦና» የሚጀምረው በኤክስ ነው። ያው ልጅ በልደት ምስክር ወረቀቱ ላይ በ«ጦ»፣ በፓስፖርቱ ላይ በ«ቲ» ይጻፋል። ይህን የቢሮ ምልልስ ያየ ወላጅ ናሆምን ቢመርጥ አይፈረድበትም።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አባት ለልጁ ስም ሲያወጣ እናትም ተጨማሪ ስም ልታወጣ እንደምትችል ይፈቅዳል። አያቶች ቤት ውስጥ የሚጠሩበትን የወላይትኛ ስም በዚህ በኩል ሕጋዊ ማድረግ ይቻል ነበር፤ በዚህ መብት የሚጠቀም ግን ብዙም አይታይም። በ2008 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ የጀመረው የልደት ምዝገባ የሚይዘው የራስን፣ የአባትንና የአያትን ስም ነው። ናሆም ነገ ወልዶ ልጁን ሲያስመዘግብ፣ ከልጁ ስም ቀጥሎ ናሆም ጳውሎስ ተብሎ ይጻፋል። በልጁ ስም ውስጥ ለጦና ቦታ አይኖርም።