ቢጫው ጀሪካን ለውሃ ይሁን! ለቤንዚን የቱን እንግዛ?

ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ ደም ግፊት ወይም ስለ ስኳር አይደለም፤ ስለ ቤንዚን መያዣ ነው። "ዶክተር፣ ይሄ ደግሞ ከጤና ጋር ምን አገናኘው?" ካላችሁኝ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

ከግልገል በለስ በማንቡክ አድርጎ ወደ ጉባ የሚሄድ ሹፌር፣ የባጃጅና የሞተር ባለቤትም ጭምር፣ ትርፍ ነዳጅ መያዙ አይገርመኝም። መንገዱ ረጅም ነው፤ ነዳጅም እንደ ልብ አይገኝም። የሚያሳስበኝ መያዣው ነው። ብዙ ሰው ቤት ውስጥ ያገኘውን ያነሳል፦ የዘይት ቢጫ ጀሪካን ወይም የውሃ ሃይላንድ። ልጆቻችን ደግሞ ቢጫ ጀሪካን የሚያውቁት በውሃ ነው። የጠማው ልጅ አይጠይቅም፤ ከፍቶ ይጎነጫል።

ቤንዚን ሲጠጣ ትልቁ አደጋ ሳንባ ላይ ነው። በጣም ቀጭን ፈሳሽ ስለሆነ በትንታ ትንሽ እንኳ ወደ ሳንባ ከገባ ክፉኛ ይጎዳዋል። በጎማ በአፍ ስቦ መቅዳትም ለዚሁ አደጋ ያጋልጣል። ሌላው ቃጠሎ ነው። የቤንዚን ተን ከአየር ይከብዳል፤ መሬት ለመሬት ሄዶ ከሰል ምድጃው ጋ ሊደርስና እሳቱን ይዞ ሊመለስ ይችላል።

ታዲያ በአቅማችን የቱን እንምረጥ?

1. ለነዳጅ ተብሎ የተሠራ ይሁን። ከሥሩ ያለውን የ2 ቁጥር ምልክት ብቻ አይታችሁ አትግዙ፤ የዘይቱም ጀሪካን ብዙ ጊዜ ከዚሁ ፕላስቲክ ነው የሚሠራው። ልዩነቱ ውፍረቱና ክዳኑ ነው። ጎኑን ጫን ጫን አድርጉት፤ በቀላሉ ከጎደጎደ ተዉት።

2. የተሠራበትን ዓመት እዩ። በዓለም አቀፉ ደንብ አደገኛ ፈሳሽ የሚጓጓዝበት የፕላስቲክ ጀሪካን የአገልግሎት ዘመኑ 5 ዓመት ነው። ፀሐይ ላይ የከረመ፣ የነጣ ወይም የተሰነጠቀ ከሆነ በነፃም ቢሰጧችሁ አትውሰዱ።

3. ብዙ የምትጓዙ ከሆነ ባለ 20 ሊትሩ የብረት ጀሪካን ያዋጣል። ጀርመኖች በ1930ዎቹ ለጦር ሠራዊታቸው የሠሩት ነው፤ "ጀሪ" የሚለውም እንግሊዞች ለጀርመኖች ያወጡት ቅጽል ስም ነው። ያገለገለ ስትገዙ ውስጡን በባትሪ አይታችሁ፣ ዝገት እንደሌለበት አረጋግጡ።

4. ክዳኑን ፈትኑ። ውሃ ሞልታችሁ፣ ዘግታችሁ፣ ዘቅዝቃችሁ አሳድሩት። ጠብታ ካፈሰሰ የክዳኑን ጎማ ቀይሩ። ነዳጅ ከመቅዳታችሁ በፊት ደግሞ በደንብ ይድረቅ።

5. ቀለሙ ቀይ ይሁን፤ ላዩ ላይም በትልቁ "ቤንዚን" ብላችሁ ጻፉበት። ከዚያ በኋላ ምንም ያህል ቢታጠብ ውሃ፣ ጠላ ወይም ዘይት አይቀዳበት።

6. ብር ካጠረ መጠኑን ቀንሱ እንጂ ጥራቱን አትቀንሱ። ለሞተርና ለባጃጅ 5 ሊትር ይበቃል። ለመግዛት ይቀላል፣ ቢፈስም ጉዳቱ ያንሳል።

በጀሪካን ነዳጅ መቅዳት በሕግ የተገደበ ስለሆነ ቀድማችሁ የወረዳችሁን ንግድ ጽሕፈት ቤት ጠይቁ። ስትቀዱ ጀሪካኑን መሬት ላይ አስቀምጡት፤ መኪና ላይ እንዳለ ከተቀዳ በሰበቃ የሚፈጠር የኤሌክትሪክ ብልጭታ ሊያቀጣጥለው ይችላል። እስከ አፉም አትሙሉት። በመተከል ሙቀት ነዳጁ ያብጣልና ቦታ ተዉለት። ሰው በሚቀመጥበት አትጫኑት፣ በሚተኛበት ቤትም አታሳድሩት።

አንድ ሰው ቤንዚን ቢጠጣስ? እንዲያስመልሰው አታድርጉ! ጣት አትክተቱበት፣ ወተትም አታጠጡት፤ ሲያስመልሰው ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። የነካውን ልብስ አውልቁለት፣ ቆዳውን በሳሙናና በውሃ እጠቡለት፣ ወዲያው በአቅራቢያችሁ ወዳለ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ውሰዱት። "ደህና ነው፣ እየተጫወተ ነው" ብላችሁ አትዘናጉ፤ ሳልና ቶሎ ቶሎ መተንፈስ ከሰዓታት በኋላም ሊጀምር ይችላል።

ዛሬውኑ ጓዳችሁን ፈትሹ። ነዳጅ ያለበት ቢጫ ጀሪካን ወይም ሃይላንድ ካገኛችሁ ልጅ ከማይደርስበት አርቁት። ሹፌር ለሆነ ወዳጃችሁም ሼር አድርጉለት።

ጤና ይብዛላችሁ!